የኮኮናት ዘይት ክብደት ይቀንሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቦርጭ ያጠፋል ስለተባለ ብቻ በየማለዳው በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት የሚውጡ ሰዎች አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው መዋጣቸው ያሳዝነኛል።

«ስብ ያቃጥላል»

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኤምሲቲ የሚባል፣ መካከለኛ ርዝመት ካላቸው የስብ አሲዶች የተዘጋጀ ዘይት አለ። እነዚህ አሲዶች ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄዱ ቶሎ ለጉልበት ይውላሉ። በ2008 በወጣ ጥናት በቀን ከ18 እስከ 24 ግራም የኤምሲቲ ዘይት የወሰዱ ሰዎች፣ የወይራ ዘይት ከወሰዱት ይልቅ በመጠኑ ከስተዋል። ምስጋናው ግን ለኮኮናት ዘይት ተሰጠ። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ነው፤ በስም ከመካከለኞቹ ቢመደብም አብዛኛው ሰውነት ውስጥ የሚጓዘው እንደ ረጃጅሞቹ ነው። ፈጣኖቹ፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ካርቦን አሲዶች፣ ከዘይቱ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እስቲ እናስላው፦ ከእነዚህ 18 ግራም ለማግኘት 120 ግራም የኮኮናት ዘይት ያስፈልጋል። ይህ ወደ ዘጠኝ የሾርባ ማንኪያ፣ ከ1,000 በላይ ካሎሪ ነው። ማን ሊከሳበት ነው?

«ከሌላው ዘይት ይቀላል»

አይቀልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የወይራውም የሱፉም ያው ነው። ከተለመደው ምግብ ላይ ሲጨመር ደግሞ ትርፉ ውፍረት ነው።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ልብን አይጎዳም»

ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው፤ በዚህ ቅቤን እንኳ ይበልጣል። በ2020 የታተመ፣ 16 ሙከራዎችን የገመገመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሌሎች የአትክልት ዘይቶች ጋር ሲነጻጸር ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል በዴሲ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ከፍ ያደርጋል። «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮልም በጥቂቱ ይጨምራል፤ ሻጮቹ የሚጠቅሱት ይህንን ብቻ ነው። በሰውነት ስብ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2017 ባወጣው ምክር የኮኮናት ዘይትን አልደገፈም።

«ሆድ ላይ ቢቀቡት ቦርጭ ያቀልጣል»

ቆዳ ያለሰልሳል። ካሎሪ የሚያቃጥል ነገር ካለ የሚያሸው እጅ ነው።