የዘይት ሽቶ፦ ከጠርሙሱ እስከ ገላ

የዘይት ሽቶ አልኮል የሌለበት ሽቶ ነው። ከአበባ፣ ከእንጨት፣ ከሙጫ ወይም ከእንስሳ የተገኘ መዓዛ በዘይት ተይዞ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። አረቦች ዒጥር፣ ህንዶች አታር ይሉታል። የድሮ መለኪያው ቶላ ነው፤ አንድ ቶላ 11.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። መርካቶም ይሁን ጅዳ፣ የሚገዛበት መንገድ ያው ነው። ሻጩ ክዳኑን ይከፍትና እጅዎ ጀርባ ላይ ጠብ ያደርጋል። ገዢው ወዲያው ያሸታል፣ ወዲያውም ይወስናል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የዘይት ሽቶ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሞለኪውል አለ፤ ሁሉም እኩል አይተኑም። ቀላሎቹ፣ ለምሳሌ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጠረን ያላቸው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳሉ። ቀጥሎ አበባዎቹ ይመጣሉ። እንጨቱ፣ ሙጫውና ሚስኩ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ፤ ሰዓታት ይቆያሉ። በሚረጨው ሽቶ አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ጠረኑን በአንዴ ወደ አየር ይበትነዋል። ዘይት ግን አይቸኩልም። ቆዳ ላይ ተቀምጦ በገላ ሙቀት ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን አይሞላም፤ የሚሸተው ለተጠጋ ሰው ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን አደስ ወቅጠው ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉር ሲቀቡ ኖረዋል። ስብ ጠረን ይይዛል። በፈረንሳይዋ የግራስ ከተማም የጃስሚን አበባ በስብ ላይ እየተነሰነሰ መዓዛው ይወሰድ ነበር። ዘዴው አንድ ነው።

ከአበቦቹ ጽጌረዳን እናንሳ። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ቶን አበባ ያስፈልጋል። የሳዑዲዋ ጣኢፍ በዚህ ዘይት የታወቀች ናት፤ አበባው የሚለቀመው በፀደይ፣ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ትንሽም እንደ ቅመም ይሰነፍጣል። ቆየት ሲል ወደ ማር ይሄዳል። ችግሩ ብቻውን ብዙ አለመቆየቱ ነው። የህንዷ ካናውጅ ከተማ ሽቶ ሠሪዎች ለዚህ ብልሃት አበጅተዋል። አበባውን ከውሃ ጋር በመዳብ ጋን ያፈላሉ፤ እንፋሎቱን በቀርከሃ ቱቦ የሰንደል እንጨት ዘይት ወዳለበት ዕቃ ያስገባሉ። ሰንደሉ ለስላሳ፣ ወተት ወተት የሚል ጠረን አለው። ጽጌረዳውን አቅፎ ያቆየዋል። ዛሬ ሰንደል ስለተወደደ ብዙዎች በርካሽ ዘይት ተክተውታል። ያን ጊዜ ጽጌረዳው ሲያልቅ ከሥሩ የሚቀር ነገር የለም። እዚያው ካናውጅ የተጠበሰ ሸክላ አፈር አፍልተው የሚሠሩት ሽቶም አለ። የመጀመሪያው ዝናብ የነካው ደረቅ መሬት ይሸታል። ቆዳ ላይ ብዙም ሳይለወጥ ጭር ብሎ ይቆያል። እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው።

በጣም የሚለዋወጠው ኡድ ነው። አጋር የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያፈራል። ጤናማው እንጨት ይህን ጠረን አይሰጥም። ከሕንድ አሳም የሚመጣው ዓይነት ከመፍላቱ በፊት እንጨቱ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዘፋል። ስለዚህ ሲከፈት በረት በረት ይላል። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጥታኝ ነበር። ጠዋት ክንዴ ላይ ቀባሁትና ተጸጸትሁ፤ ከብት ስጠብቅ የዋልኩ መሰለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆዳ ቆዳ አለ፣ ከዚያም ጢስ። አመሻሽ ላይ የቀረው ጣፋጭና ሞቅ ያለ እንጨት ነበር። ያንን ጠረን እስካሁን አልረሳሁትም። የካምቦዲያው ኡድ ይህን ሁሉ አያስጠብቅም፤ ከመነሻው ፍራፍሬ የመሰለ ጣፋጭነት አለው። ለጀማሪ እሱ ይሻላል። ዋናው የአጋር ዛፍ ዝርያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ዋጋውም ሰማይ ነው። በርካሽ የሚሸጠው «ኡድ» በአብዛኛው በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። መለያው ከጠዋት እስከ ማታ ያው አንድ ጠረን መሆኑ ነው።

የእኛው ዝባድም ከዚህ ቤተሰብ ነው። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ኢትዮጵያ ለዘመናት ለዓለም ሽቶ ሠሪዎች ስታቀርበው ኖራለች፤ በቀንድ ውስጥ ታሽጎ ነበር የሚላከው። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ የኩስ ጠረን ያለው ስካቶል የሚባል ነገር በውስጡ አለ። በዘይት በጣም ሲቀጥን ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሞቅ ያለ፣ የገላ የሚመስል፣ ለአበባ ሽቶ ሕይወት የሚሰጥ። ዋናው መዓዛው ሲቬቶን ይባላል። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሞለኪውሉን አወቃቀር በ1926 እ.ኤ.አ. ያወቀ ሲሆን የ1939ኙን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ አብዛኛው ሽቶ ሰው ሠራሹን ይጠቀማል፤ በእኔ እምነት ይህ መልካም ነው። ጥርኟ በጠባብ ጎጆ ተይዛ በየጊዜው ቅባቷ እየተጠረገ የምትኖረው ኑሮ ከባድ ነው።

የዕጣን ዘይት ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ጠረን የጢሱ ነው፤ ዘይቱ ያን አይሸትም። የሰሜን ኢትዮጵያው ዕጣን ዘይት በብዛት የያዘው ኦክቲል አሴቴት የሚባለውን ነው፤ ስለዚህ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። የኦማኑ ወደ ጥድ ያደላል። ሁለቱም ቆዳ ላይ ቶሎ ይሳሳሉ። ከከርቤ ጋር ሲደባለቁ ግን ይረጋሉ።

ሚስክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የጥንቱ የሚገኘው ከሚስክ አጋዘን ነበር። አሁን «ነጭ ሚስክ» ተብሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ነው፤ ንጹህ፣ የታጠበ ልብስ የመሰለ። አንዳንድ ሰዎች የተወሰኑ የሚስክ ሞለኪውሎችን ጭራሽ አይሸቱም። እርስዎ ምንም አልሸተተኝም ሲሉ አጠገብዎ ያለው ሰው በረታብኝ ሊል ይችላል። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

ታዲያ አንዱ ዘይት በእህት ላይ አምሮ በወንድም ላይ ለምን ይለወጣል? ብዙ ሰው የገላን አሲድነት ያነሳል። እኔ ግን ትልቁ ድርሻ የቅባትና የሙቀት ይመስለኛል። ደረቅ ቆዳ ሽቶን ቶሎ ይለቃል፤ ቅባታም ቆዳ ያቆያል። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትንሽ ይቀቡ። የእጅ አንጓ፣ አንገትና ከጆሮ ጀርባ ስለሚሞቁ ጠረኑ ፈጥኖ ይገለጣል። አፍንጫም ይለምዳል። ለራስዎ ጠፋ ማለት ለሌላው ጠፋ ማለት አይደለምና ደጋግመው አይቀቡ። ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ዘይት ያለበትን ቀብተው ፀሐይ ላይ አይውጡ፤ ቆዳ ሊያቃጥል፣ ጥቁር ምልክትም ሊተው ይችላል።

ሲገዙ በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አይሞክሩ። አንዱን በቀኝ ክንድ፣ ሌላውን በግራ። ከዚያ ሱቁን ለቀው ይውጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሽቱ፣ ከምሳ በኋላ ያሽቱ፣ ሊተኙ ሲሉ ያሽቱ። ነጠላ ላይ ግን አይቀቡ። ኡድና አምበር የሚባለው የሙጫ ቅይጥ ቢጫ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ፤ ጠረኑም ከታጠበ በኋላ እንኳ ቶሎ አይለቅም።