ገንፎው፣ ሻዩና አረቄው፦ አመጋገብ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያለው ድርሻ

ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ አንድ ቀጠና አለ። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በጣም በዝቶ ከሚታይባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። በእኛ አገር ስማቸው ቶሎ የሚነሳው አርሲና ባሌ ናቸው። ሕመምተኞቹ ውስጥ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ገበታው አዞሩ።

ከምላስና ከድድ እስከ ጨጓራ ደጃፍ ያለው መንገድ ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። የምንውጠው ሁሉ ይህን ሽፋን ነክቶ ያልፋል። ሽፋኑ ሲጎዳ ራሱን ያድሳል። ጉዳቱ በየቀኑ፣ ለዓመታት ከተደጋገመ ግን ሴሎቹ ሲባዙ ስህተት እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ዋናው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቁ መጠጦችን ካንሰር ሊያመጡ እንደሚችሉ በብርቱ ከሚጠረጠሩ ነገሮች ተርታ መደባቸው። ቡናን ግን አልኮነነም። እንዲያውም በ1991 እ.ኤ.አ. በፊኛ ካንሰር ተጠርጥሮ የነበረውን ቡና ከዝርዝሩ አወጣው። ቡና ወዳጆች እፎይ በሉ፤ ጣጣው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። በሰሜን ኢራን፣ በጎለስታን ግዛት፣ 50 ሺህ ገደማ ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ ሻይ፣ ያውም 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሞቀ የሚጠጡት፣ ያነሰ ሻይ አብርደው ከሚጠጡት ይልቅ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ስጋታቸው በ90 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ ገንፎ አለ። ስኒ ላይ ያለ ቡና በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ገንፎ ግን አታላይ ነው። ላዩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ውስጡ እንደጋለ ይቆያል። መሃሉ ላይ የተሞላው ንጥር ቅቤም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ገንፎ ብዙ ስለማይላመጥ አፍ ውስጥ ሳይበርድ በቀጥታ ይወርዳል። ከዳር ከዳር እየቆረሱ መብላት የቆየ ዘዴ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ነው የሚቃጠለው። እርግጥ ገንፎ ብቻውን ጥፋተኛ ተብሎ አልተፈረደበትም። ጫት፣ የማዕድ ቤት ጭስና የዘር ውርስም አብረው እየተጠኑ ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣ ያለ ስማቸው ሲታሙ እሰማለሁ። የሚያቃጥለን የቃሪያው ንጥረ ነገር ሙቀትን የሚለዩትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ነው እንጂ ሥጋውን እንደ እሳት ስለሚለበልብ አይደለም።

አልኮል ላይ ግን ክርክር የለም። በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በማንቁርትና በምግብ መውረጃ ቧንቧ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ሰውነታችን፣ አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ጭምር፣ አልኮልን አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ኬሚካል ይለውጡታል። እሱ ደግሞ የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳል። ጠጅ ይሁን ቢራ፣ አረቄ ይሁን ውስኪ፣ ወሳኙ የሚጠጣው የአልኮል መጠን ነው። ሲጋራ ከታከለበት ደግሞ ስጋቱ በብዙ እጥፍ ይባዛል።

በሌላ በኩል፣ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው በሚበሉ ሰዎች ላይ እነዚህ ካንሰሮች ቀነስ ብለው ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ቢያንስ 400 ግራም ነው። የአገራችን ሰው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው የሚበላው። በጾም ወቅት እንኳ ገበታው ላይ ሽሮና ምስሩ ይበዛል፤ ጎመኑ ጥግ ላይ ጣል ይደረጋል፤ ፍራፍሬ የሚያስታውስም ጥቂት ነው። ክኒኑ ደግሞ ምትክ አይሆንም። በፊንላንድ አጫሾች ላይ በተደረገውና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን በክኒን መልክ የወሰዱት እንዲያውም የሳንባ ካንሰር በዝቶባቸዋል።

የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ተንኮሉ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይላል። ሰውዬው ሥጋውን ትቶ ፍትፍት ይለምዳል፤ ቀጥሎ ሾርባ፣ ከዚያ አጥሚት። ሐኪም ቤት የሚሄደው ውሃ ሲያንቀው ነው። ያኔ ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ አልፎበታል፤ ቢያንስ መዋጥ እንዲችል ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ይገባለታል። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው።