ለብልት ፈንገስ «ተፈጥሯዊ ሕክምና» ምንድን ነው?

በጅማ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ስሠራ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ያለቦታው ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ የብልትን ውስጥ በሎሚ ወይም በአቼቶ መታጠብ ፈንገስን እንደሚከላከልና እንደሚያድን በእርግጠኝነት ሲጽፉ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእኚህ ሰው መነሻ «አሲድ ፈንገስን ይገድላል» የሚል ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ጤነኛ ሴት ብልት ግን ራሱ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ሲሆን፣ አሲዱን የሚያመርቱት ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በዚሁ አሲድ ውስጥ መኖር ይችላል፤ በእርሱ የታመመች ሴት ፒኤች ሲለካም ብዙውን ጊዜ ከጤነኛዋ አይለይም። ስለዚህ ሎሚ የሚሞላው ጉድለት የለም፤ የተቆጣውን ስስ አካል ያቃጥላል እንጂ። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው።

የጅማን የቡና ጫካ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳል። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር አረም ፈጽሞ አይጠፋም፤ ዘሩ አፈር ውስጥ እያለ ጥላው አላስነሳ ይለዋል። ላክቶባሲለስ ጥላው ነው፣ ካንዲዳ አረሙ። ሳያስፈልግ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ጥላውን ይመለምላል፤ ቁጥጥር ያጣ የስኳር በሽታ ለአረሙ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የብልትን ውስጥ መታጠብ ደግሞ አረም አጠፋለሁ ብሎ ዛፉን መገንደስ ነው። እርጎ መቀባትም ከሌላ አገር ችግኝ አምጥቶ እንደ መትከል ይቆጠራል፤ ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የብልት ነዋሪዎች አይደሉም፣ በቤት በረጋ እርጎ ውስጥም እርሾ ራሱ ይገኛል። መጠጣቱን አልቃወምም።

እንግዲህ ከስሙ ጋር የሚስማማው ተፈጥሯዊ መከላከያ ጥላውን አለመንካት ነው፦ ውጩን ብቻ በውኃ መታጠብ፣ አየር የሚያስገባ የጥጥ የውስጥ ሱሪ መልበስ፣ አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ፣ ስኳርን መቆጣጠር።

ከሙያዬ የምጨምረው አለ። በናሙናው ላይ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሳደርግ ሌላው ሕዋስ ይሟሟና የፈንገሱ ቅርንጫፍ ያለው ክር በማይክሮስኮፑ ሥር ጎልቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ ምንም ሕመም ከሌላቸው 100 ሴቶች ከ10 እስከ 20 በሚሆኑት ካንዲዳ ስለሚገኝ፣ መታየቱ ብቻውን በሽታ አይባልም። በተቃራኒው ማሳከክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ አይብ የመሰለና ሽታ የሌለው ነጭ ፈሳሽ ወደ ካንዲዳ ሲያመለክት፣ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ግን በአብዛኛው ሌላ ችግር ነው፣ መድኃኒቱም ይለያል።

በሽታው ከተረጋገጠ እንደ ክሎትሪማዞል ያሉ በብልት የሚደረጉ መድኃኒቶች አብዛኛውን ሴት ይፈውሳሉ። ነፍሰ ጡር የሚዋጠውን የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞልን በራሷ ፈቃድ ልትወስድ አይገባም፤ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስባትም ናሙናዋን ማስመርመርና የስኳር መጠኗን ማስለካት አለባት።