«ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው»፦ ስለ ባንክና ቴሌብር ማጭበርበር የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ሙሉ ስሜን ከጠራ የባንክ ሰው ነው»

አክስቴን የያዛት ይህ ነው። ደዋዩ ስሟን ከነአባቷ ጠራ። «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት።

ስም ማወቅ ግን ቀላል ነው። ብር ለመላክ የሰው ስልክ ወይም የሂሳብ ቁጥር ስታስገቡ፣ ገና ሳትልኩ የባለቤቱ ስም ይመጣል። ሌባውም የሚያየው ያንኑ ነው። ያነበበችለት ቁጥር ደግሞ የማረጋገጫ ኮድ ነበር። በዚያ ኮድ አካውንቷን ሌላ ስልክ ላይ ከፈተው። ኮድ የጠየቃችሁ ማንም ይሁን፣ ስልኩን ዝጉበትና ራሳችሁ ደውላችሁ አጣሩ። ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127 ነው።

«ብር እንዲላክልኝ ፒኔን ልስጥ»

አያስፈልግም። ለመቀበል ስልክ ወይም የሂሳብ ቁጥር ይበቃል።

«ሜሴጅ ከገባ ብሩ ገብቷል»

የባንክ አስመስሎ ሜሴጅ መጻፍ ይቻላል። ስክሪንሾት ማስመሰል ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ነጋዴዎች፣ ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። ደንበኛው ቢቸኩልም ይጠብቅ።

«ተሳስቼ ልኬብሻለሁ፣ መልሽልኝ» የሚል ሲደውልም እንደዚሁ ነው። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ በባንኩ በኩል ይመለስለት። ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

«እኔ ምን አለኝና ይሰርቁኛል?»

በተለይ ተማሪዎች ይህን ሲሉ ስሰማ እጨነቃለሁ። ከባዶ አካውንት የሚፈለገው ስማችሁ ነው። ቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ «መላ» በሚባለው አገልግሎት በስልክ ብድር ይሰጣል። አካውንታችሁን የያዘ ሰው በስማችሁ ሊበደር ይችላል። ከሌላ የሰረቀውን ብርም በእናንተ ሂሳብ ያሳልፋል። ያኔ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው። ስለዚህ «አካውንትሽን ለሁለት ቀን አውሺኝ» ያለን ጓደኛ እምቢ ማለት ነውር የለውም። በስማችሁ ሲም አውጥታችሁም ለሰው አትስጡ። የመታወቂያችሁን ወይም የፋይዳችሁን ፎቶ በቴሌግራም ብቻ ለምታውቁት ቀጣሪ አትላኩ።

«ኤቲኤም ላይ የሚረዳኝ ሰው ደግ ነው»

አብዛኛው ደግ ነው። ነገር ግን ፒናችሁን አይቶ ካርዱን በሌላ የሚቀይር አለ። እናትና አባቶቻችንን እኛው ብናደርሳቸው ይሻላል።

«አንዴ ከሄደ ሄደ»

ሌባ ብሩን ከአካውንት አካውንት እያዞረ ቶሎ ያወጣዋል። ወዲያው ከደወላችሁ ግን ገና ያልወጣውን ማገድ ይቻል ይሆናል። መጀመሪያ አሳግዱ፣ ከዚያ ፒን ቀይሩ። የዝውውሩን ሜሴጅ ሳታጠፉ ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ።

አክስቴ እስከ ማግስቱ ዝም አለች። የጎዳን ያ ሌሊት ነው። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት «ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ።