ኢያም፦ በቸነፈር ዘመን ራሷን የዘጋችው የደርቢሸር መንደር

ኢያም (የአገሩ ሰው ኢም ነው የሚላት) እንግሊዝ ውስጥ ደርቢሸር በሚባለው አውራጃ፣ ፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያለች መንደር ናት፣ በ2011 ቆጠራ ነዋሪዋ 969 ነበር። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ጥንቱ ብዙ የሚባል የለም፣ ቅዱስ ላውረንስ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከአንግሎ ሳክሶን ዘመን የቀረ የድንጋይ መስቀል አለ፣ ከዛ በኋላ ሕዝቡ ለዘመናት እርሳስ እየቆፈረና በግ እያረባ ኖሯል።

ዝነኛ ያደረጋት ግን ቸነፈሩ ነው። በ1665 ክረምት መውጫ ላይ ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ ተላከለት፣ ጨርቁ ረጥቦ ስለነበር ለማድረቅ እሳት ዳር ሲሰጡት ውስጡ የነበረው በሽታውን የተሸከመ ቁንጫ ወጣ ይባላል፣ የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ በመስከረም መጀመሪያ ሞተ፣ ከዛ ጎረቤት ጎረቤቱን ያዘው። ብርዱ ሲመጣ ጋብ ብሎ ነበር፣ በ1666 ሲሞቅ ግን እንደገና ተነሳ።

በሰኔ 1666 የመንደሩ ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን ሕዝቡን ሰብስበው ማንም እንዳይወጣ ማንም እንዳይገባ አስማሙ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ቶማስ ስታንሊ ናቸው፣ ከሳቸው በፊት እዛው ያገለገሉ የፒዩሪታን (ጥብቅ የፕሮቴስታንት ወገን) ሰባኪ ሲሆኑ የ1662ቱን የቤተክርስቲያን ሕግ አልቀበልም ብለው ከቦታቸው የተነሱ ናቸው፣ ሕዝቡ ደሞ አዲሱን ቄስ ገና አልለመዳቸውም ነበርና ያለ ስታንሊ ድጋፍ ነገሩ የሚሆን አይመስለኝም። ቅዳሴው ከቤተክርስቲያን ወጥቶ ኩክሌት ደልፍ የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ሜዳ ላይ ሆነ፣ ቤተሰብ የራሱን ሬሳ ራሱ ቀበረ። ምግብ ድንበር ላይ ይቀመጥላቸዋል፣ እነሱ ደሞ በሽታው እንዳይተላለፍ ብለው ገንዘቡን አቼቶ ውስጥ ወይ ምንጭ ውሃ ውስጥ ይተዉታል፣ ቀዳዳ ያለው የድንበር ድንጋይና የሞምፔሰን ምንጭ የሚባለው እስካሁን ይታያሉ። የቻትስዎርዙ ባላባት የዴቨንሸር ኧርልም ስንቅ ይልኩ ነበር።

ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል ሴት በነሐሴ ወር በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን ቀበረች፣ መቃብራቸው ራይሊ ግሬቭስ ይባላል። የቄሱ ሚስት ካትሪንም በዛው ወር አረፈች። በኅዳር ሲያበቃ ሞምፔሰን በጻፉት ደብዳቤ 76 ቤተሰብ ተይዞ 259 ሰው ሞቷል ብለዋል። ከስንቱ ነው የሚለው ያከራክራል፣ አንዱ 350 ነበሩ ይላል ሌላው 800። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ጀግንነቱ ኋላ የተጋነነ ነው ይላሉ፣ ሞምፔሰንም ልጆቻቸውን ቀድመው አውጥተዋል እኮ፣ በ2016 የወጣ ጥናት ደሞ አብዛኛው ከአይጥ ቁንጫ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ነው የተላለፈው ስለሚል መዘጋታቸው ውስጥ ያለውን ሳይጎዳ አልቀረም። ይሁንና በሽታው ወደ ጎረቤት መንደሮች አልተዛመተም፣ ይሄን ማንም አይክደውም።

ከዛ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ኢያም ሆል የተባለው ትልቅ ቤት በ1670ዎቹ ተሠራ፣ ገጣሚዋ አና ሴዋርድ በ1742 እዚሁ ተወለደች፣ ሽመናና የጫማ ፋብሪካም ነበር።

አሁን መንደሩ የሚደምቀው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ምንጮቹን ያስጌጣሉ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ እርጥብ ሸክላ ጭቃ ተለቅልቆ በአበባ ቅጠል ሥዕል ይሠራበታል። በወሩ የመጨረሻ እሁድ የቸነፈር መታሰቢያ ጸሎት ኩክሌት ደልፍ ላይ ይደረጋል፣ ካትሪን መቃብር ላይም አበባ ይቀመጣል። ሙዚየሙ ከ1994 ጀምሮ ክፍት ነው። በሽታው የጀመረበትን ጨምሮ የሟቾቹ ስም በራቸው ላይ የተለጠፈባቸው ቤቶች ግን ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው የግል ቤቶች ስለሆኑ ጎብኚው ከመንገድ ላይ አንብቦ ነው የሚያልፈው።