ጂኖሙ «ተነበበ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የቱፓያ ጂኖም ስለተነበበ ከእንግዲህ ለሕክምና ምርምር አይጥን ለምን እንጠቀማለን? ለሰው የምትቀርበው እሷ ናት።» ይህን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁት። አንዱ አስተያየት ሰጪማ «ምስጢሩ ተፈታ» ብሎ ጨረሰው። ኧረ ቀስ!

ቱፓያ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ ቻይና ዛፍ ላይ የምትኖር፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ጅራቷ ረጅም የሆነ ትንሽ እንስሳ ናት። አይጥ አይደለችም። ድሮ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን የሚቆጥሯት ነበሩ፤ ዛሬ የራሷ ምድብ አላት። ጂኖሟን፣ ማለትም የዘር መረጃዋን ሙሉ ጽሑፍ፣ በፈረንጆቹ 2013 ያሳተሙት በቻይና የኩንሚንግ የእንስሳት ጥናት ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። 2.86 ቢሊዮን ያህል ፊደል፣ 22,000 ያህል ጂን (ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ)።

ችግሩ «ተነበበ» የሚለው ቃል ነው። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ልጁ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ያነበንበዋል፤ ግእዙን ግን አይሰማም። ትርጓሜ ቤት ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ጂኖም ተነበበ ማለትም ልጁ ዳዊት ደገመ ማለት ነው።

ንባቡም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። ማሽኑ ብራናውን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ አይወርደውም። ብዙ ቅጂ ይቀዳደዳል፣ ቁርጥራጩ ይነበባል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ይገጣጥመዋል። ከ2013 በፊት የነበረው የቱፓያ ንባብ እያንዳንዱን ፊደል ያየው በአማካይ 2 ጊዜ ብቻ ነበር። የ2013ቱ ወደ 79 ጊዜ አድርሶታል። አሁን መዝሙር 135ን አስቡ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ቃል፣ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» በሚለው ያልቃል። እጃችሁ የገባው ቁራጭ ላይ ያለው «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ብቻ ቢሆን ከየትኛው ቁጥር ጋር ትሰፉታላችሁ? ጂኖም እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ሞልቶበታል። በ2019 ረጃጅም ቁራጭ የሚያነብ ማሽን መጥቶ ብዙውን ክፍተት የሞላው ለዚህ ነው። ደግሞ የተነበበው የአንድ እንስሳ ጂኖም መሆኑን አትርሱ። እዚህ ላይ ሁሌ እነዘንዛለሁ፤ ይቅርታ።

«ለሰው ትቀርባለች» የሚለውስ? በአጠቃላይ ዝምድና የ2013ቱ ጥናት ከአይጥ ይልቅ ወደ እኛ ያስጠጋታል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ይዘጋ እንኳ ብንል፣ በሽታ የአጠቃላይ ዝምድና ጉዳይ አይደለም። ሪግ-አይ የሚባል ጂን አለን። በብዙ ቫይረሶች ላይ ደወል የሚደውለው ዘበኛ እሱ ነው። ቱፓያ ይህን ጂን አጥታዋለች፤ ሥራውን ሌላ ጂን ተክቶ ይሠራላታል። አይጥ ግን አላት! በሪግ-አይ በኩል የሚሠራ መድኃኒት ልትሞክሩ ከሆነ፣ ለሰው የምትቀርበው «ሩቋ» አይጥ ናት ማለት ነው። እና ወንድሜ፣ በየትኛው ጂን ነው የምትቀርበው?

ቱፓያ ዋጋ የላትም እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችን «የጉበት ቫይረስ» የምንለው ሄፓታይተስ ቢ አይጥን አይዝም፤ የቱፓያን የጉበት ሴል ግን ይይዛል። ቫይረሱ በምን በኩል እንደሚገባ ለዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ፣ በ2012 ቤጂንግ ውስጥ የዌንሁዊ ሊ ቡድን አገኘው። የቫይረሱን ጫፍ እንደ መንጠቆ ተጠቅመው ከቱፓያ የጉበት ሴል ላይ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ጎትተው አወጡ። የማን ፕሮቲን እንደሆነ የለዩት ደግሞ በጉበቷ ሴሎች ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች አንብበው ካዘጋጁት ዝርዝር ጋር በማመሳከር ነው። ንባብ እንዲህ ሲሆን ያገለግላል። ፕሮቲኑ ኤንቲሲፒ ይባላል። እንደ ትርጓሜ መምህራን እንናገር ካልን፣ አንድም የሐሞት ጨውን ወደ ጉበት ሴል የሚያስገባ ነው፤ አንድም የቫይረሱ በር ነው። ሁለተኛውን ፍቺ ፊደሉን ብቻ በማየት ማንም አላገኘውም።

የሰውን ኤንቲሲፒ ለአይጥ ብንሰጣትስ? ተሞክሯል። በዚያው በር የሚጠቀመው የሄፓታይተስ ዲ ቫይረስ ገባ፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን አልያዛትም። በሩ ቢከፈትም ቤቱ አልተመቸውም። ቱፓያም ብትሆን ጎልማሳዋን ሄፓታይተስ ቢ ሲይዛት ደከም ያለ ነው፤ ብዙ ሳይቆይም ይለቃታል። ሰው ላይ ለዓመታት የሚቆየውን ዓይነት አጠናባታለሁ ብሎ ለሚነሳ ሰው ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው።