ግሩሊንግ ምንድን ነው? አጥሚት እንዴት ቅጣት ሆነ?

ሐዋሳ ውስጥ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ጓደኛ አለኝ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ለእሱ ከባድ ነገር ሁሉ «ዲፊከልት» ነው። ታቦር ተራራን መውጣት ዲፊከልት፣ ቅዳሜ ማታ ባጃጅ ማግኘት ዲፊከልት፣ የአከራዩ ጠባይ ዲፊከልት። አንድ ቀን ሁለት ፈረንጆችን «ታቦር ቬሪ ቬሪ ዲፊከልት ነው» ብሎ አስፈራርቶ ወሰዳቸው። እነሱ የተራራ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ውሃቸውን ተሸክመው ምንም ሳይመስላቸው ጫፍ ደረሱና ሐይቁን ፎቶ ማንሳት ጀመሩ፤ ቁና ቁና ሲተነፍስ የነበረው እሱ ነው።

በማግስቱ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰዳቸው። አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ጎህ ሲቀድ ጎትተው፣ በእንጨት ጀልባ ቀዝፈው፣ ቆሮሶና አምባዛውን እያወረዱ ነበር። ይሄንንም «ዲፊከልት» አለው። አንደኛዋ ሴትዮ ራሷን ነቀነቀችና «ኖ፣ ግሩሊንግ!» አለችው። ማታ ደወለልኝ። «ስማ፣ ግሩሊንግ ምንድን ነው?»

ዲፊከልት ሰፊ ቃል ነው። የሒሳብ ጥያቄም ዲፊከልት ይሆናል፤ ቁጭ ብለህ ሻይህን እየጠጣህ ታስበዋለህ፣ ላብ የለም። ግሩሊንግ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ረዝሞ ረዝሞ፣ ጉልበትህን በጥቂት በጥቂቱ መጥጦ፣ መጨረሻ ላይ «ምን በድዬ ነው?» የሚያሰኝህ ሥራ ነው። የ100 ሜትር ሩጫ ከባድ ነው፣ ግን 10 ሰከንድ ገደማ ሮጠህ ታበቃለህ፤ ማንም ግሩሊንግ አይለውም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲሆን ነው ቃሏ የምትመጣው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማሞ ወልዴ ያሸነፈው ማራቶን 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሮጠ ነው፤ አበበ ቢቂላ እንኳ በእግር ጉዳት አቋርጦ ወጥቷል። ከዝቅተኛ ቦታ ለመጡት ሯጮች ግሩሊንግ ለሚለው ቃል ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ቃሉ የመጣው ከ«ግሩኤል» ነው። ግሩኤል ማለት የአጃ ዱቄት በብዙ ውሃ የተበጠበጠበት ቀጭን ገንፎ ነው። በአጭሩ አጥሚት! እኛ ለአራስና ለታመመ ሰው «ጠጣ፣ ያበረታሃል» እያልን የምንሰጠው የአጃ አጥሚት። እንግሊዞች ጋ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ «ግሩኤሉን አገኘ» ማለት ቅጣቱን ተቀበለ፣ ዋጋውን አገኘ ማለት ሆነ። ከዚያ ግሩኤል ግስ ሆኖ «መቅጣት፣ ማድቀቅ» የሚል ትርጉም ያዘ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ግሩሊንግ የሚለው ቅጽል ወጣ። ብዙ ሰው ነገሩን ከእንግሊዝ የድሆች መጠለያዎች ጋር ያያይዘዋል። እውነት ነው፣ እዚያ ግሩኤል ይታደል ነበር። ግን እነዚያ መጠለያዎች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1834 በወጣው የድሆች ሕግ ከመስፋፋታቸው በፊትም የቅጣቱ አባባል ነበረ።

ይሄ ታሪክ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛስ ምን እንላለን? «ፍዳዬን በላሁ»፣ «አሳሬን በላሁ»፣ «ዱላ ቀመሰ»። ቅጣትን የምንበላ ሕዝብ ነን እኮ! ፍዳ ራሱ ከግእዝ የመጣ ቃል ነው፤ የጥፋት ዋጋ፣ ቅጣት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5,500 ዓመት «ዓመተ ፍዳ» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ግሩሊንግን «አድካሚ» ብሎ ሲያልፈው ይቆጨኛል። አድካሚማ ደረጃ መውጣትም ነው። ግሩሊንግ ፍዳ የሚያበላ ነው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

እንግሊዝኛ ውስጥ ከባድ ለማለት የሚያገለግሉ ዘመዶቹም አሉ። «አርጁወስ» ከላቲን የመጣ ሆኖ ሥሩ ቀጥ ያለ፣ ከፍ ያለ ማለት ነው፤ የኛው «ዳገት ሆነብኝ» ነው፣ ለታቦርም ቢሆን ይሄኛው ይቀርበው ነበር። «ኦነረስ» ሥሩ ሸክም ነው፤ ለሰውነት ድካም ሳይሆን ለግዴታ ይሄዳል፣ ለምሳሌ አንገት ለሚያስደፋ የብድር ውል። «ታክሲንግ» ከግብር ጋር ይዛመዳል፣ ጉልበትህን ወይም አእምሮህን የሚያስገብር በለው። «ስትሬንየወስ»ን ሐኪም ነው የሚወደው፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከባድ እንቅስቃሴ አታድርግ ሲልህ። «ላቦሪየስ» ደግሞ ብዙ ልፋትና ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ሥራ ነው። ከከተማው ወጣ ብለህ እንሰት የሚፍቁትን እናቶች እይ፤ መሬት ተቀምጠው፣ በአንድ እግራቸው ደግፈው፣ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ሲቀጥሉ። ላቦሪየስም ነው፣ ግሩሊንግም ነው። የእነሱን ልፋት አይቶ ቆጮው ተወደደ ብሎ የሚከራከር ሰው ይገርመኛል።

«ሲሲፊያን» ግን ለብቻው ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ ሲሲፈስ የሚባል ንጉሥ ድንጋይ ተራራ ላይ እንዲያንከባልል ተፈርዶበት፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ድንጋዩ ተመልሶ ይወርድበታል፣ ለዘላለም። እኛ በሦስት ቃል ጨርሰነዋል፦ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አጥማጁ ፍዳውን ቢበላም ዓሣ ይዞ ይወጣል። ሲሲፈስ ምንም አይዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «የበፊት ሥራዬ ግሩሊንግ ነበር» አትበል። ጠያቂው የሚሰማው ብሶት ነው፤ ሥራውን ጠልተህ እንደወጣህ ይገምታል። እዚያ ቦታ «ዲማንዲንግ» በል፣ ሥራው ብዙ ይጠይቅ ነበር፣ እኔም እችለው ነበር እንደማለት ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች በአንድ ኤል (grueling)፣ እንግሊዞች በሁለት ኤል (gruelling) ይጽፉታል፤ ሁለቱም ልክ ነው። አነጋገሩ ላይ ነው ጥንቃቄ። «ግሩ» ብለህ ትንሽ ጎተት አድርገህ «ኧሊንግ» ትላለህ። ጓደኛዬ ቸኩሎ «ግራውሊንግ» ይለው ጀምሯል። እሱ ውሻ ሲያጉረመርም የሚባለው ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጀርመናዊ አጥማጆቹን እያሳየ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ነው የሚያድሩት» ብሎት ነበር፤ ሰውዬው ጀልባው ላይ አልወጣም አለ።